የአባቴ የድሮ ኢሜይሎች ኤክስፒ ኮምፒውተር ላይ ናቸው፣ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ እንዴት ላምጣቸው?

የጎፋዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል ግን ሳላሳጥር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባጭሩ ስጠይቅ ሁሉም «ጂሜይል ውስጥ ግቢና እዪው» ነው የሚለኝ፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ ጂሜይል ውስጥ የለም።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ቤት ውስጥ አንድ የድሮ ዴስክቶፕ አለ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፣ አባዬ ከ1995 እስከ 2005 ዓ.ም. ኢሜይል የሚጽፈው በሱ ነበር። ፕሮግራሙ አውትሉክ ኤክስፕረስ ይባላል። መጀመሪያ አካባቢ ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር ስለነበር የሚቆጥረው በደቂቃ ነው፣ ስለዚህ አባዬ ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን ሁሉ ጽፎ ይጨርስና ከዛ ሞደሙን ያገናኛል፣ ያ ጩኸቱ እስከ ሳሎን ይሰማል፣ የጻፈውን ይልካል የመጣውን ያወርዳል ወዲያው ይዘጋዋል። የመጣውን የሚያነበው መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ተረጋግቶ። ሁለቱ ወንድሞቼ ያኔ ውጪ ነበሩ፣ ትልቁ ሚኒያፖሊስ፣ ሁለተኛው ጀርመን። የአስር ዓመት የቤታችን ወሬ በሙሉ እዛ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፣ የኔ ምርቃት፣ የእማዬ ሕመም፣ የቤቱ ካርታ ጉዳይ፣ ጤፍ በኩንታል ስንት እንደገባ ሳይቀር ይጽፍላቸው ነበር።

አሁን ኮምፒውተሩ እያረጀ ነው፣ ሁለት ሦስቴ ካልተሞከረ አይነሳም፣ ውስጡም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀምሯል። አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ዊንዶውስ 11 ነው። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ነጻ ነው ጥሩም ነው ስላሉኝ እሱን ጫንኩበት፣ ግን የድሮውን ኢሜይል ከየት አምጥቼ እንደማስገባ አላውቅም። አንድ ጥገና ቤት ስወስደው ልጁ «ኢሜይል ኮፒ አይደረግም፣ ፎርማት አድርጌ ሌላ ዊንዶውስ ልጫንልሽ» አለኝ፣ ደንግጬ ተሸክሜው ተመለስኩ።

የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ኢሜይሎቹ እንደማንኛውም ፋይል የሆነ ቦታ ተቀምጠዋል ወይ? በፍላሽ ማውጣት እችላለሁ? አንዳንዶቹ ደግሞ አማርኛ የነበሩ ይመስለኛል፣ ሳጥን ሳጥን ሆነው ነው የሚታዩት፣ እነሱ ተበላሽተው ነው? እና ደግሞ ፕሮግራሙን ስዘጋው አንዳንዴ ቦታ ለመቆጠብ ኮምፓክት ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፣ እሺ ልበለው?

---

ሰርኪዩት

ነፍስ ይማር እህቴ። ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ፣ ኮምፓክት ላድርግ ሲልሽ እሺ እንዳትዪው። ካንስል በዪው። አውትሉክ ኤክስፕረስ ኮምፓክት ሲያደርግ እያንዳንዱን ፋይል እንደ አዲስ ነው የሚጽፈው፣ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ያ ሃርድ ዲስክ ቀጥ ቢል ኢንቦክሱ ባዶ ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል። እኔ ጥገና ስሠራ አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፣ በዚህ ምክንያት ኢሜይላቸው የጠፋባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ አባትሽ በስህተት ያጠፏቸው ኢሜይሎች ካሉ ኮምፓክት እስኪደረግ ድረስ ፋይሉ ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ፣ ኮምፓክት ካደረግሽው ግን እነሱም አብረው ይሄዳሉ።

ኮፒ አይደረግም ያለሽ ልጅ ተሳስቷል። እያንዳንዱ የኢሜይል ፎልደር አንድ ፋይል ነው፣ ኢንቦክስ አንድ ፋይል፣ የተላኩት አንድ ፋይል፣ አባትሽ በልጆቻቸው ስም ፎልደር ከፍተው ከነበረም ለየራሳቸው ፋይል አላቸው፣ የሁሉም ስም መጨረሻ ላይ ነጥብ ዲ ቢ ኤክስ ይላል። ችግሩ የተቀመጡበት ቦታ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ዝም ብለሽ ብትፈልጊ አታገኚውም። እንዲህ አድርጊ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ቱልስ፣ ከዛ ኦፕሽንስ፣ ከዛ ሜንተናንስ የሚለውን ክፈቺ፣ እዛ ስቶር ፎልደር የሚል ቁልፍ አለ፣ ስትጫኚው ረጅም አድራሻ ያሳይሻል። አድራሻው ሳጥን ውስጥ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በማውሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትተሽ ምረጪና ኮፒ አድርጊው፣ ስታርት ውስጥ ራን የሚለው ላይ ፔስት አድርገሽ ኢንተር በዪ፣ ፎልደሩ ይከፈታል።

አሁን አውትሉክ ኤክስፕረስን ዝጊው፣ ክፍት ሆኖ ኮፒ እንዳታደርጊ። ከዛ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጊ፣ ይሄ ያስፈልጋል ይሄ አያስፈልግም ብለሽ አትምረጪ፣ በተለይ ፎልደርስ የምትለዋን ፋይል እንዳትተያት፣ የፎልደሮቹ ዝርዝር ያለው እሷ ውስጥ ነው። ፍላሹ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት፣ ፋይል ሲስተም የሚባለው፣ ፋት 32 ቢሆን ችግር የለውም፣ አንድ የአውትሉክ ኤክስፕረስ ፋይል ከ2 ጊጋ አይበልጥም። ኤክስፋት ከሆነ ግን ኤክስፒው ላያነበው ይችላል።

ይሄን ዛሬ አድርጊው። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ቀጠሮ አይሰጥም። መብራት የሚያስቸግር ሰፈር ከሆነ ዩፒኤስ ተዋሺ። ወደ ተንደርበርድ የማስገባቱ ነገር ከዛ በኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሲደርስ ደግሞ ኤክስፒው ላይ የሚሠራውን የድሮ ተንደርበርድ፣ 52 የሚባለውን ማለት ነው፣ እዛው ጭነሽ ከአውትሉክ ኤክስፕረስ እንዲስብ ማድረግ ይቻላል፣ ከዛ የተንደርበርዱን ፋይል ወደ አዲሱ መውሰድ ነው።

---

አትላንታ ነኝ

ሰርኪዩት ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ አልስማማበትም። ሊሞት በደረሰ ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ፕሮግራም አይጫንም። ስትጭኚ ዲስኩ ላይ ትጽፊበታለሽ፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ከዲስኩ ማንበብ ብቻ ነው። ኤክስፒውን ኢንተርኔት ላይም አታገናኚው፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እንደ ፈረንጅ በ2014 ነው፣ ከዛ ወዲህ የወጣ ቫይረስ ሁሉ በሩን ክፍት ነው የሚያገኘው።

ሌላ መንገድ አለ፣ እኔ የራሴን ያወጣሁት በሱ ነው። መጀመሪያ ያቺን ኮፒ በፍላሽ ያዢ፣ እሷን ሳትይዢ ወደዚህ እንዳትመጪ። ከያዝሽ በኋላ ትልቅ ባዶ ፍላሽ ወይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰኪና አጭር ስም ያለው ፎልደር ክፈቺበት፣ ለምሳሌ 1 ብለሽ። አጭር ያልኩት ለምን መሰለሽ፣ እያንዳንዱ ኢሜይል ፋይል ሲሆን ስሙን የሚወስደው ከርዕሱ ነው፣ ርዕሱ ረጅም ከሆነና ፎልደሩም ፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደር ከሆነ ዊንዶውስ ስሙ በዛብኝ ብሎ ይቆማል። ከዛ አውትሉክ ኤክስፕረስን ክፈቺ፣ ኢንቦክስ ውስጥ ገብተሽ ኮንትሮልና ኤ ተጫኚ፣ ሁሉም ይመረጣል፣ በማውሱ ይዘሽ ወደ ከፈትሽው ፎልደር ጎትተሽ ልቀቂው። በቃ። እያንዳንዱ ኢሜይል ኢ ኤም ኤል የሚባል ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ ከነአታችመንቱ፣ ከነቀኑ። ብዙ ሺህ ከሆነ በአንዴ አትጎትቺ፣ ሦስት መቶ አራት መቶ እያልሽ አውጪ፣ ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው አታስጨንቂው። ለየፎልደሩ ለየብቻ አድርጊ እንጂ አትቀላቅዪ፣ የተላኩትና የመጡት ከተደባለቁ በኋላ መለየት ሥራ ነው።

ኢ ኤም ኤልን የምወደው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ኖትፓድ ራሱ ይከፍተዋል፣ ከማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለው ከላይ በግልጽ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ነገ ተንደርበርድ ቢቀር ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል። ዲ ቢ ኤክስ ግን አውትሉክ ኤክስፕረስ ከሌለ ማንም በቀላሉ አያነበውም፣ አውትሉክ ኤክስፕረስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ቀርቷል፣ ዊንዶውስ 11 ላይ አይጫንም። ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ትልቁ አውትሉክ ይከፍተዋል ብለሽም እንዳትገዢ፣ ሁለቱ የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ሥራ ይሄ ነው። ተንደርበርድ ውስጥ አድ ኦንስ (ተጨማሪ መሣሪያዎች) የሚለው ጋ ገብተሽ ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ የሚባለውን ፈልገሽ ጫኚ፣ ነጻ ነው። በግራ በኩል ሎካል ፎልደርስ የሚል አለ፣ እሱ ላይ በቀኝ ክሊክ አዲስ ፎልደር ክፈቺ፣ «አባዬ የመጣለት» በዪው፣ ሌላ ክፈቺና «አባዬ የላከው» በዪው። ከዛ አዲሱ ፎልደር ላይ በቀኝ ክሊክ ስታደርጊ የአድ ኦኑ ስም ይመጣል፣ እዛ ውስጥ ኢ ኤም ኤሎችን ከነፎልደራቸው አስገባ የሚል ምርጫ አለ፣ የት እንዳሉ አሳዪውና ጠብቂ። ሎካል ፎልደርስ ያልኩሽ ላፕቶፑ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ስለሆነ ነው፣ ጂሜይልሽ ፎልደር ውስጥ ከከተትሽው ኢንተርኔት ላይ መጫን ይጀምራል፣ የጂሜይል 15 ጊጋ ደግሞ ከፎቶና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው።

ሲያልቅ ቁጥር አመሳክሪ። አውትሉክ ኤክስፕረስ ከታች በኩል በየፎልደሩ ስንት ኢሜይል እንዳለ ይጽፋል፣ ወረቀት ላይ መዝግቢው፣ ተንደርበርድ ላይ ያው ቁጥር ካልመጣ የሆነ ነገር ቀርቷል ማለት ነው።

ሳጥን ሳጥን ስላልሽው ግን አትዘኚ። ኤክስፒ ሲሠራ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አልነበረውም፣ ኛላ የሚባለው ፎንት አብሮ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ፊደሉ እዛው አለ፣ የሚያሳየው ፎንት አጥቶ ነው። እዪው ላፕቶፑ ላይ።

---

ሂሳብ ሠራተኛዋ

ልጄ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄ ላይ ጥያቄ መጨመር ባይሆንብኝ፣ የኔ አውትሉክ ኤክስፕረስ ሳይሆን የቢሮው አውትሉክ ነው፣ የአስመጪ ድርጅት ሂሳብ ነው የምሠራው፣ የ12 ዓመት ከአቅራቢና ከባንክ ጋር የተጻጻፍነው፣ ፕሮፎርማው ኤልሲው ሁሉ አንድ ፒ ኤስ ቲ የሚባል ፋይል ውስጥ ነው። 6 ጊጋ ሆኗል። ፍላሹ 32 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን ኮፒ ሳደርግ ፋይሉ ትልቅ ነው ይለኛል። ሦስት ፍላሽ ቀያየርኩ ያው ነው፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

---

ሰርኪዩት

እትዬ ፋይሉ ምንም አልሆነም፣ ፍላሾቹም ደህና ናቸው። ፍላሾቹ ፎርማት የተደረጉት በፋት 32 ነው፣ ፋት 32 ደግሞ ባዶ ቦታው ምንም ያህል ቢሆን ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ላይ የሚፈልጉት ነገር እንደሌለ አረጋግጠው በቀኝ ክሊክ ፎርማት ይበሉ፣ ፋይል ሲስተም የሚለው ላይ ኤክስፋት ወይ ኤንቲኤፍኤስ ይምረጡ፣ ያልቃል። አደራ ፎርማት የሚደረገው ፍላሹ ነው፣ የድራይቩን ፊደል ሁለቴ አይተው።

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አውትሉክ ካለ ፋይሉን እዛ መክፈት ብቻ ነው። ወደ ተንደርበርድ ከሆነ ግን ተንደርበርድ ከአውትሉክ የሚስበው ሁለቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ ነው፣ ስለዚህ የድሮው ኮምፒውተር ደህና ከሆነ ተንደርበርዱን እዛ ጭነው እዛው ይሳቡና ከዛ ያዛውሩ። እሱን ሳይጨርሱ የድሮውን ኮምፒውተር ለማንም እንዳይሰጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ይመልከቱ፣ ፋይሉ ኦ ኤስ ቲ ሳይሆን ፒ ኤስ ቲ መሆኑን። ኦ ኤስ ቲ ከሆነ የሰርቨሩ ግልባጭ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወስደው ቢከፍቱት አይከፈትም። እንደዛ ከሆነ እዛው አውትሉክ ውስጥ ኤክስፖርት ብለው ፒ ኤስ ቲ ያውጡ።

---

ሂሳብ ሠራተኛዋ

ፒ ኤስ ቲ ነው። ፎርማት አድርጌ ገባልኝ፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። እድሜ ይስጥህ ልጄ።

---

የጎፋዋ

ተመልሻለሁ፣ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የመጀመሪያውን ኮፒ በዛው ማታ አደረግኩ፣ ከጎረቤት ዩፒኤስ ተውሼ። ኮምፒውተሩ አራቴ ነው የተነሳልኝ ብል ማጋነን አይደለም፣ አምስተኛው ላይ እምቢ አለ፣ ሰርኪዩት ዛሬውኑ ያልከኝ እንዴት እንደጠቀመኝ። የወጡት ኢ ኤም ኤሎች የኢንቦክሱ በሙሉና ከተላኩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ኢንቦክስ 2,418 ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተንደርበርድም 2,418 አለ። የተላኩት 1,906 ናቸው፣ ያወጣሁት ግን 870 ነው። ቀሪው አባዬ ራሱ የጻፈው ነው፣ እሱን ደግሞ እንዴት እተወዋለሁ። ዲ ቢ ኤክሱ በፍላሽ አለኝ፣ ግን አውትሉክ ኤክስፕረሱ የለም አሁን። ምን ላድርግ?

---

አትላንታ ነኝ

ፋይሉ ካለሽ ኢሜይሉ አለሽ። ኧንዲቢኤክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ክፍት ሶርስ ነው፣ ዲ ቢ ኤክስ ፋይል ትሰጪውና ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ኢ ኤም ኤል አድርጎ ያወጣዋል፣ አውትሉክ ኤክስፕረስ አያስፈልገውም። ትንሽ የተጎዳ ፋይል እንኳን ቢሆን የሚያድነውን የሚያድንበት ሪከቨሪ የሚባል ምርጫ አለው። የተላኩትን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ሌላ ኮፒ አድርጊና በኮፒው ላይ ሥሪ፣ ፍላሹን ንቀዪው። ያወጣሽውን 870 ግን አታስገቢው አሁን፣ ሁሉንም ከዚህ አውጪ፣ አለዚያ እጥፍ ይሆንብሻል።

ሃርድ ዲስኩን ደግሞ አትጣዪው። ኬዙን ከፍቶ ማውጣት ይቻላል፣ የዛን ዘመን ከሆነ ሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ያለው ሊሆን ይችላል፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር አለ፣ ላፕቶፑ ላይ እንደ ኤክስተርናል ይነበባል። ፈቃድ የለሽም ካለሽ ኮንቲኒው በዪው። ለፎቶዎቹ ምናምን ትፈልጊው ይሆናል።

---

የጎፋዋ

1,906! ሁሉም ወጣ!! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ከኢሜይሎቹ ጋር የተላኩ የወርድ ፋይሎች አሉ፣ አማርኛ መሆናቸውን አውቃለሁ የዕድር ቃለ ጉባኤ ነው፣ አባዬ ጸሐፊ ነበር፣ ስከፍታቸው ግን ሳጥንም አይደሉም፣ የላቲን ፊደልና የተለያየ ምልክት ድብልቅልቁ የወጣ ነው።

---

ሰርኪዩት

እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እነዛ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ በሚያውቀው የፊደል አሰያየም፣ የተጻፉ አይደሉም፣ ቪዥዋል ግዕዝ ወይ ፓወር ግዕዝ በሚባሉት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነው የሚሆኑት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጅ በ1999 ቢሆንም ቢሮውም ዕድሩም ለብዙ ዓመት በነዛ ነው ሲጽፍ የቆየው። እነሱ የሚሠሩት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በማስቀመጥ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ላቲኑን ያሳይሻል። ወርድ ውስጥ ጽሑፉ ላይ ክሊክ አድርጊና ከላይ የፎንቱ ስም የሚጻፍበትን እዪ፣ ስሙ እዛ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። እሱ ፎንት ደግሞ የድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ አለ፣ አዳፕተሩን ስታገኚ ከዛ ኮፒ አድርገሽ ላፕቶፑ ላይ ጫኚው። ካነበብሽው በኋላ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይይዛል፣ ለዕድሩ ሰዎች ስትሰጪም ማንም ይከፍተዋል።

---

የጎፋዋ

አዳፕተሩን አገኘሁ፣ ፎንቱም ተጫነ፣ ቃለ ጉባኤው ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ የስንቱ ጎረቤት ስም አለበት መሰላችሁ። የኢ ኤም ኤሉን ፎልደር ኤክስተርናል ላይ አስቀመጥኩ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ሚኒያፖሊስ ላለው ወንድሜ በሰው ልልክለት ነው።

ስለ ሳጥኖቹ ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ላፕቶፑ ላይ ሁሉም አማርኛ ሆነው ተነበቡ። አብዛኛው ኢሜይል አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነው፣ በፊደላችን የተጻፉት ስድስት ብቻ ናቸው። አንዱ ትልቁ ወንድሜ ጳጉሜ 1999 ላይ ለሚሌኒየሙ የላከው ነው፣ ረጅም ነው፣ ሁለት ገጽ ይሆናል፣ ከቤት ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነበር ያኔ፣ ያኮረፈበትን ነገር ሁሉ ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ይጠይቀዋል። የተላኩት ውስጥ ገብቼ አባዬ ምን መልሶ እንደሆነ ፈለግኩ። በማግስቱ ነው የመለሰለት፣ ሁለት መስመር ነው፦ «ልጄ እንኳን አደረሰህ፣ የላክኸው ሳጥን ብቻ ሆኖ መጣብኝ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አድርገህ ድገምልኝ።»

ወንድሜ አልደገመውም፣ ኢንቦክሱን አገላብጬ አየሁት፣ ቀጥሎ የመጣው ስለ አየር ጠባዩ ነው። ትናንት ማታ ደውዬ ነገርኩት። አባዬ አንብቦ ዝም ያለው ነበር የመሰለው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት። የአባዬን ሁለት መስመርም አላስታወሰም፣ ላክልኝ አለኝ፣ ኢ ኤም ኤሉን አያይዤ ላክሁለት።